አለቃ የማያይዎት ቀን

ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደውን መንገድ ወይጦ ላይ ለቀው ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የሚለወጠው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ አርቦሬ የተመደበ መምህር፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ኃላፊውን በየቀኑ አያገኘውም። የሰዓት ፊርማ ቢኖርም ፈራሚውም ተቆጣጣሪውም ያው አንድ ሰው የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ነጻነት ይጣፍጣል። ሲቆይ ግን አለቃ ያልያዘውን ቀን ሙቀቱ፣ መኪና ጥበቃው፣ ስልኩና የጎረቤት ጨዋታው ተቀራምተው እንደሚይዙት ይታወቃል። “ማንም አያዘኝም” ሲል የዋለ ሰው ማታ ጋደም ሲል ቀኑ የት እንደገባ መናገር ያቅተዋል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ጂንካ ከተማ ለሚሠራም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወጣት አብዛኛው ያገለግላል፤ ምሳሌዎቹን ከአርቦሬ የወሰድኩት ግን ችግሩ እዚያ ገላጣ ስለሆነ ነው። ከተማ ውስጥ ባልደረባ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የምሳ ቀጠሮ ሳይታወቅዎት ቀንዎን መልክ ያስይዙልዎታል። እዚህ መልኩን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

ያለዎትን ሰዓት ይቁጠሩ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ የክልል ቢሆንም ለሒሳባችን ይህን መነሻ እናድርገው። 39 ሲቀነስ 129 ይቀራል። በቀን 8 ሰዓት ይተኙ፤ 56 ሄደ። የተረፈው 73 ሰዓት የመንግሥት ሥራውን እጥፍ ለመሆን 5 ሰዓት ብቻ ይጎድለዋል። “ጊዜ የለኝም” የሚሉ ከሆነ ክርክርዎ ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

እርግጥ ከ73ቱ ላይ ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ ይነሣል፤ ቧንቧና ምግብ ቤት እደጁ ካለው ሰው ይልቅ እርስዎ ላይ ይከብዳል። ስንት እንደሚወስድ ግን በግምት አይወሰንም። አንድ ደብተር ይግዙ። ስልክ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ በሚፈለግበት ቀን ነው። ለአንድ ሳምንት ኑሮዎን ምንም ሳይለውጡ፣ በየሁለት ሰዓቱ የሠሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ፦ “ከ4 እስከ 6፣ መኪና ጥበቃ። ከ6 እስከ 8፣ ጋደም ብዬ ስልክ። ከ8 እስከ 10፣ ሱቁ በር ላይ ጨዋታ።” ሳያሳምሩ ይጻፉት፤ ማንም አያነበውም።

ሳምንቱ ሲሞላ በእያንዳንዱ መስመር ጎን ምልክት ያድርጉ፦ ወድጄ የመረጥኩት፣ ግዴታ የሆነብኝ፣ ዝም ብሎ የሄደ። ሦስተኛው ከጠበቁት ይበዛል። ዕቅድዎ የሚነካውም እርሱን ብቻ ነው። ወደው ያደረጉትን ጨዋታ ከደብተሩ ለመሰረዝ አይቸኩሉ፤ ብዙ ሰው ዕቅድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያርደው የሚያስደስተውን ነገር ነው። ዕቅዱ በሦስት ሳምንት የሚሰለቸውም ለዚህ ነው።

ቀኑን በፀሐይ ይከፋፍሉ

የመንግሥት የሥራ ሰዓት ለደጋ የተሰፋ ልብስ ነው። 2:30 ገብቶ 6:30 መውጣት፣ 7:30 ተመልሶ 11:30 ድረስ መቆየት አዲስ አበባ ላይ ያስኬዳል። በወይጦ ሸለቆ ከ5 ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ መራመድ ጉልበት ማባከን ነው። የአገሬው ሰው ይህን ያውቃል። ሴቶች ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው፣ ትንንሽ ልጃገረዶች በተላጨ ራሳቸው ላይ ግማሽ ቅል ደፍተው የሚሄዱት ለቱሪስት ፎቶ አይደለም፤ ፀሐይዋን ስለሚያውቋት ነው።

ስለዚህ ሥራዎን በሁለት ይክፈሉት፦ እግር የሚፈልግና ጥላ የሚበቃው። ቤት ለቤት መዞር፣ ማሳ ማየት፣ ወደ ጋንዳራባ፣ ኩላማ ወይም ሙራሌ መንደር መሄድ የእግር ሥራ ነው። መዝገብ መሙላት፣ ሪፖርት መጻፍ፣ ደብተር ማረም፣ የነገውን ትምህርት ማዘጋጀት የጥላ ሥራ ነው። የእግሩ ከንጋት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ የጥላው ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ይሁን። ከ10 በኋላ የቀረ ጉብኝት ካለ ይውጡ።

ይህን የሚያስገድድ ሌላም ምክንያት አለ። ለጉብኝት የሚፈልጓቸው ሰዎችም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ማልዶ ማሳ የወረደ ሰው፣ ውኃ ልትቀዳ የሄደች እናት፣ ከብት ይዞ የወጣ ልጅ እርስዎ ቁርስዎን በልተው እስኪደርሱ አይጠብቁም። ባዶ ቤት አንኳኩቶ የተመለሰ ባለሙያ “ሕዝቡ ፈቃደኛ አይደለም” ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሕዝቡ ፈቃደኛ ነው፤ ቤት አልነበረም እንጂ። የሚያገለግሉትን ሰው ቀን ሳያጠኑ የራስዎን ቀን ማቀድ አይቻልም፤ ከደብተሩ ሁለት ገጽ ለዚህ ይመድቡና የትኛው ቤት በየትኛው ሰዓት ሰው እንደሚገኝበት ይመዝግቡ።

የሥራ ሰዓቱን በገዛ ሥልጣንዎ ይቀይሩ እያልኩ አይደለም። በሰዓቱ ውስጥ የሥራውን ቅደም ተከተል መቀየር የእርስዎ ነው፤ መግቢያውን ወደ ንጋት ማምጣት ከፈለጉ ግን ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ የተፈቀደበትንም ወረቀት ያስቀምጡ።

ከንጋቱ ላይ አንድ ሰዓት ለራስዎ ይቁረጡ፤ 11:30 ተነሥተው 12:30 ድረስ። ለምን እንደሚውል በኋላ እመለስበታለሁ። ማታውን ግን አያስረዝሙት። ወባ የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚነድፈው በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ስለሆነ፣ በጊዜ አጎበር ውስጥ መግባት ከዕቅድም በላይ የጤና ጉዳይ ነው።

ሳምንቱን በገበያ ቀን ይያዙ

የደቡብ ኦሞ ሳምንት ካስማዎቹ ገበያዎች ናቸው። ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ደግሞ ትልቁ የጂንካ ገበያ። መኪና የሚበዛው፣ ሰው የሚገናኘው፣ ዕቃ የሚገኘው በእነዚህ ቀናት ነው። በገበያ ቀን መንደር ውስጥ ስብሰባ የጠራ ሰው ከራሱ ጋር ይሰበሰባል።

አስቤዛዎን ለአንድ የገበያ ቀን ይወስኑ፤ ዝርዝሩም ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየዕለቱ ይደግ። ጨው አልቋል፣ የባትሪ ድንጋይ ደክሟል፣ የራስ ምታት መድኃኒት አንድ ፍሬ ቀርቷል፤ ባዩበት ሰዓት ይጻፉት። ይህን ያላደረገ ሰው ጂንካ ደርሶ ሲመለስ ዋናውን ረስቶ ይመጣና በሳምንቱ እንደገና ይሄዳል። አንድ ያልታሰበ ጉዞ መሄጃና መመለሻ፣ አንዳንዴም አዳር ነው፤ ከ73ቱ ሰዓት ላይ የሚያነሣውን ያስሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ገንዘብ መላክና መቀበሉን ደግሞ ኔትዎርክ ባለበት ሰዓት በቴሌብር ይጨርሱት፤ ለባንክ ብቻ መንገድ መውጣት ይቀርልዎታል።

ቀኑ ለማይታወቅ ነገር ዝግጁ ይሁኑ

ስለ ዕቅድ የተጻፉ መጻሕፍት ባብዛኛው ቀኑ የታወቀ ነገር ላይ ይጎብዛሉ። የአርቦሬ ገበሬ ግን ከእነርሱ የተሻለ አስተማሪ ይመስለኛል፤ ኑሮው የተመሠረተው ቀኑን በማያውቀው ነገር ላይ ነውና።

የወይጦ ወንዝ ከላይ ከደጋው ውኃ ሰብስቦ ወደ ጨው ባሕር ሲወርድ ከዳር እየወጣ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጎርፉ ሲሸሽ መሬቱ እርጥበቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ማሽላውና በቆሎው የሚዘራው ያኔ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የተሰነጠቀ ደረቅ ጭቃ ነው። ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚሆን፣ የትኛውን ማሳ እንደሚያለብስ ግን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዝናቡ የሚዘንበው እርሱ ራስ ላይ ሳይሆን ሩቅ ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚያቅደው ቀኑን ሳይሆን ዝግጅቱን ነው። መቆፈሪያው በእጁ ነው፣ የማሳው ድርሻ የታወቀ ነው፣ አብሮት ከሚሠራው ሰው ጋር ተነጋግሯል። ዘሩ ደግሞ ከሚበላው እህል ተለይቶ ተቀምጧል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ራስን መግዛት ማለት። እህል በሚያልቅበት ወር፣ ልጅ እየራበው፣ እቤት ውስጥ ያለ ዘር አለመንካት። ዘሩን የበላ ሰው ጎርፉ ሲመጣ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ይሄዳል፤ ተበድሮ ይዘራል፣ ሲያጭድም ካጨደው ላይ ለአበዳሪው ይከፍላል። ያልበላው ግን በዚያች በተቆረጠች ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅድ ማሳው ላይ ይገኛል። ስለ ነጻነትና ስለ ሥርዓት ግንኙነት ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

የእርስዎ ጎርፍ ምንድን ነው? የዝውውር ማስታወቂያ፣ የትምህርት ዕድል፣ የቤተሰብ ሕመም፣ ሳይነግር ከች የሚል የወረዳ መኪና። አንዱም ቀን አይነግርም፤ ሁሉም ግን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ እነዚህን አራት ነገሮች በዚህ ወር ያዘጋጁ። የትምህርትና የሥራ ማስረጃዎችዎን ከነቅጂያቸው ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡ። ጂንካ ደርሶ የሚመልስ፣ ሁለት አዳርም የሚችል ገንዘብ ለይተው ይያዙና እንደ ዘር አይንኩት። የወሩን ሪፖርት በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በየሳምንቱ አርብ አንድ አራተኛውን ይሙሉ፤ መኪናው ድንገት ሲመጣ የሚላክ ነገር ይኖርዎታል። አንድ ቅያሬ ልብስም በቦርሳ ታጥፎ ይቀመጥ።

“ከሆነ” ብለው ይጻፉ

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ አንድ ቀላል ነገር አሳይቷል። “አጠናለሁ” ብሎ ከወሰነ ሰው ይልቅ “ይህ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ” ብሎ የወሰነ ሰው ሐሳቡን የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል። ምክንያቱ ፈቃደ ጽኑነት አይደለም፤ ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ሰዓቱ ሲደርስ ከራስ ጋር ክርክር ስለማያስፈልግ ነው።

በአርቦሬ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። “መኪናው እስከ 3 ሰዓት ካልመጣ ተመልሼ መዝገብ እሞላለሁ።” “የሄድኩበት ቤት ሰው ከሌለ ቀጥሎ ያለውን ቤት አይቼ ስመለስ እሞክራለሁ።” “ኔትዎርክ ከጠፋ የጀመርኩትን መጽሐፍ አነባለሁ።” ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ ሃያ ከጻፉ አንዱንም አያስታውሱትም። በተለይ የመኪናውን አይርሱ። ሊመጣ ነው እየተባለ ግማሽ ቀን መንገድ ዳር መቀመጥ እዚህ አካባቢ ጊዜ ከሚበሉ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው።

አንድ ነገር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሲገምቱም ግምትዎን አይመኑ። ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፉት ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት አዘውትሮ ያሳጥራል። ቆላ ላይ በእግር ለሚሠራ ሥራ እኔ እጥፍ አድርጌ እይዛለሁ።

እንግዳ ሲመጣ

እዚህ ላይ የከተማ መመሪያዎች ይሳሳታሉ። “ጊዜዎን የሚሻማውን ሰው እምቢ ይበሉ” ይላሉ። አርቦሬ ላይ ጎረቤት በግማሽ ቅል የፈላ የቡና ገለባ ይዞ ሲያቀርብልዎ ሰዓት የተመለከቱ እንደሆነ፣ ያተረፉት ሩብ ሰዓት ለዓመት ያስከፍልዎታል። ያ ቅል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በማሳ ስለተጣላ ሰው፣ ስለታመመ ልጅ፣ ስለጠፋ ከብት ይወራል፤ ቢሮ ቁጭ ብለው የማይሰሙት መረጃ ነው። ለቅሶማ አይነሣ፤ ለለቅሶ ዕቅድ ይሰረዛል።

መፍትሔው ቀኑን ሲያቅዱ ክፍተት መተው ነው። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ካለው ላይ ግማሹን ምንም ሳይጽፉበት ይለፉት፤ በርዎ በዚያ ሰዓት ክፍት እንደሆነ ሰዎች እየለመዱት ይመጣሉ። የንጋቷን ሰዓት ደግሞ በትሕትና ይጠብቋት። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። እያንዳንዷን ደቂቃ ቀፍድደው የሚይዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ብቸኛ ሆነው ቦታውን ጥለው ይሄዳሉ።

ፈተናውን ያርቁት

ጫት፣ አረቄና ስልክ ላይ ስብከት አያስፈልግም። እቤት አያከማቹ፤ ርቀቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ስልኩን በሶላር የሚሞሉ ከሆነ በጥላ ሥራ ሰዓት ሌላ ቦታ ሰክተውት ይቀመጡ፤ እርሱ እስኪሞላ እርስዎም ከእርሱ ያርፋሉ።

በንጋቷ ሰዓት ምን ይሥሩ?

የርቀት ትምህርት ሊሆን ይችላል፣ ለሁለተኛ ዲግሪ መዘጋጀት ሊሆን ይችላል። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት አርቦርኛ ይማሩ እላለሁ። ከኩሽ ቤተሰብ ነው፣ ከዳሰነች ቋንቋም ጋር ይዛመዳል፤ የቋንቋ ተመራማሪው ሪቻርድ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰፊ ጥናት አሳትሞበታል። እርስዎ ግን መጽሐፍ አያስፈልግዎትም። በቀን አምስት ቃል፦ ትናንት በጉብኝት የሰሟቸውን በጠዋት በግዕዝ ፊደል ይጻፉ፣ ጮክ ብለው ይበሉ፣ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይጠቀሙባቸው። ሕፃናት ምርጥ አራሚዎች ናቸው፤ ሲሳሳቱ ሳይሸማቀቁ ይስቁብዎታል።

ትርፉን ይመልከቱ። ቋንቋ የማይችል ባለሙያ አስተርጓሚው ከሌለ ሥራ የለውም፤ አስተርጓሚው ገበያ ሲሄድ የእርሱም ቀን አብሮ ይሄዳል። የሰማውም ነገር አስተርጓሚው የመረጠውን ያህል ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን ስለ ሕመሟ በጎረቤት ወንድ ልጅ አፍ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ራሷን ያስገደደች የጤና ባለሙያ ከዓመት በኋላ ብቻዋን የፈለገችው ቤት ገብታ ትወጣለች።

“ይሄ ሁሉ ሥርዓት ባርነት አይደለም ወይ?”

ይህን የሚጠይቅ ወጣት አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱን ከአካባቢው ታሪክ ላንሣ። አርቦሬ በሐመር፣ በፀማይ፣ በኮንሶ፣ በቦረናና በዳሰነች መካከል ያለ ሕዝብ ነው። ግጭት ባለበት ዘመን እረኛው ሣር እያየ ከብቱን ወደዚያ ማሻገር አይችልም። በ1985 ዓ.ም. አርቦሬዎች ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ያካሄዱት የሰላም ሥነ ሥርዓት በኢቮ ስትሬከርና በአሉላ ፓንክረስት ፊልም ተቀርጾ ይገኛል። ሽማግሌዎቹ በዚያ የተስማሙት ወጣቶቻቸውን ለመግታት ነበር፤ የተገኘውም ከብትን ያለ ስጋት የማሰማራት ዕድል ነው። እንዲህ ያለ ቃል ሲጠበቅ መንገዱ ይከፈታል፣ ሲፈርስ ይዘጋል። ሥርዓቱን ማን እንደጣለው ግን ልዩነት ያመጣል፦ ያልተስማሙበት ዕቅድ በእርግጥ ባርነት ነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተቀዳ ሰሌዳ ግድግዳዎ ላይ አይለጥፉ፤ የእኔንም ጭምር።

እሑድ ማታ

ሳምንታዊው ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ያለፈውን ሳምንት ገጽ ያንብቡ። ሳይሠሩ የቀሩትን ወደሚቀጥለው ሳምንት በጅምላ አይገልብጡ፤ እያንዳንዱን “አሁንም እፈልገዋለሁ?” ብለው ይጠይቁ፣ ካልፈለጉት ይሰርዙት። ለሦስት ሳምንት ተከታትሎ የተላለፈ ነገር ወይ ትልቅ ስለሆነ መከፋፈል አለበት፣ ወይም አይፈልጉትም። ቀጥለው የገበያ ጉዞ ካለዎት ይጻፉ፣ ከዚያ የእግር ሥራ ጠዋቶችን፣ ከዚያ የጥላውን። ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም የማይጻፍበት ይሁን።

ዕቅዱ የፈረሰበት ሳምንት ይመጣል፤ ጎርፍ መንገድ ይቆርጣል፣ ወባ ያስተኛል። ያለፈውን ለማካካስ ቀጣዩን ሳምንት እጥፍ አያድርጉት። የንጋቷን አንድ ሰዓት ብቻ ይዘው ይነሡ፤ ሌላው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል።

ሲዛወሩ ደብተሩን ለሚተካዎት ሰው ይተዉለት። ጎርፉ የመጣባቸው ቀናት፣ በየትኛው የገበያ ቀን ከየት በኩል መኪና እንደሚገኝ፣ የትኛው ቤት በስንት ሰዓት ሰው እንዳለበት፣ የተማሯቸው ቃላት፤ አዲስ መጪ ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። “ጋደም ብዬ ስልክ” የሚሉትን ገጾች ግን ቀድደው ይውሰዷቸው።